ሁለት እሳት ያላት መኪና

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰልማ ሙሜ ከባቢሌ ስትመለስ መኪናዋ ፈረስ መጋላ ጥግ ላይ የለችም። ሌባ ወሰዳት ብላ አላሰበችም። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለው ዲስትሪቢውተሯ ክዳኑ ተሰንጥቆ ከቆመች ሰንብታለች፤ የማትነሳ መኪና ማን ይሰርቃል? አስፋልቱ ላይ የቀረውን የዘይት ጠብታ አየች፣ ዘንቢሏን ለባለሱቁ አደራ ሰጠችና በእግሯ መካኒኳ ወዳለበት ወደ አቦከር ወረደች። ሰልማ ስትናደድ አትሮጥም። ቀስ ብላ ነው የምትራመድ፤ የሚያውቋት ሁሉ ያንን እርምጃ ይፈሩታል።

ስለዚህች መኪና ልንገራችሁ። የበሰለ ሮማን የመሰለች፣ ጣልያን ሠራሽ ናት። የሰልማ አባት አው ሙሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሽቅድምድም ይወድ ከነበረ አንድ የድሬዳዋ ግሪክ ነው የገዟት። ሌላ መኪና ለአንድ ሲሊንደር አንድ ካንዴላ አለው፤ እሷ ለአራቱም ሲሊንደር ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት አላት። ሁለቱ ካንዴላዎች ቤንዚኑን ከሁለት ጎን ይለኩሱታል፣ እሳቱም መሀል ላይ ይገናኛል፤ ከሁለት ሰፈር እየዘፈኑ የመጡ ሚዜዎች መንገድ ላይ እንደሚገናኙት። ቶሎ ስለሚገናኙ መለኮስ ያለባቸውም ዘግየት ብለው ነው። ለዚህ ነው ድምጿ ችኮላ የሌለበት፣ ዳገት ላይ እንኳ እንደ እንጉርጉሮ ለስለስ የሚል።

አው ሙሜ ወንድ ልጅ እያላቸው ቁልፉን ለሴት ልጃቸው ሰጥተው ሞቱ። ሰልማም በዚያች መኪና ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ፣ ሰው እያመላለሰች ልጆቿን አሳደገች፤ የስንቱንም ቤት ሙሽራ አደረሰች። ሴቶቹ ከኋላ ወንበር ሆነው ከበሮ እየመቱ እንዲህ ይሉላታል፦

ዳገቱን ስትወጣ ድካም የት ያውቃታል፣
በግራ በቀኟ እሳት ይጠብቃታል።

አቦከር፣ ጋሽ ሀብተወልድ ጋራዥ ስትደርስ የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል። ጎንበስ ብላ አየች። ግማሾቹ ካንዴላዎች የሉም፤ ቀዳዳቸው በብሎን ተደፍኗል። በአባቷ ዲስትሪቢውተር ቦታ ከአሮጌ ታክሲ የተነቀለ ሌላ ተተክሏል።

“ጋሽ ሀብተወልድ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“መጣሽ? ትሠራለች፣ አትስጊ። ያንቺ ክዳን ከየት ይመጣል? ለእሑዱ ሠርግ ትድረስ ብዬ አራቱን ዘጋኋቸው።”

“ማን ዝጉ አለዎት?”

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “ቢላል ነዋ፣ ወንድምሽ። ጠዋት በገመድ ጎትተው አመጧት። ትናንት በርጫ ላይ ተመክሮበታል፣ ዱዓም ተደርጎበታል አለኝ። እናንተ ዱዓ ካደረጋችሁበት እኔ ክርስቲያኑ ምን ልበል?”

“‘ሰልማስ?’ ይበሉ። እሷን አንዲት ቃል።”

ሰልማ መፍቻ አንስታ አንዱን ብሎን ፈታች፣ በመዳፏ ጨበጠችና ወጣች።

የእኛ አገር ሰው የበርጫን ከሰዓት በኋላ ያውቀዋል። ጫቱ ሲይዝ፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ የማይገነባ ቤት የለም፤ የማይታረቅ ጠላት፣ የማይጠገን ሞተር የለም። መደቡ ላይ ትራሱን የተደገፈ ሰው ሁሉ መሐንዲስ ነው። ነገር ግን ያ ሐሳብ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አብሮ የሚጠፋ ሐሳብ ነው፤ ሰውም ያውቀዋልና ይተወዋል። ቢላል ግን አልተወውም። ልጁ ናፊያ እሑድ ልትዳር ነው፣ የባሏም ቤት ሐኪም ጋራ ነው፤ በአያቷ መኪና ትውጣልኝ አለ። በምርቃና የታሰበውን በጠዋት ገመድ ጎተተው።

ሰልማ ቢላል ቤት ስትደርስ የዚያን ቀኑም በርጫ ደርቷል። ከደፉ ላይ ቆማ ብሎኑን ወረወረችው፤ የተጣለው የጫት ገራባ መሀል ወደቀ።

“ይሄ የማነው?”

“እቴ ሰልማ፣ መጀመሪያ አሰላሙ አለይኩም አይባልም?” አለ ቢላል።

“ሰላምታ መጠየቅ ከቻልክ ስለ መኪናዬም መጠየቅ ትችል ነበር።”

“ለናፊያ ብዬ እኮ ነው። ያንቺም ልጅ ናት።”

ነስሮ የሚባለው ወዳጁ ጉንጩን እንደሞላ ጣልቃ ገባ። “አራቱም ቢሆን ያስኬዳል፣ እቴ። የቀረው ትርፍ ነው።”

“በአንድ ዓይንም ይታያል። ና፣ አንዱን ልድፈንልህ።”

ሰው ሳቀ። ቢላል አልሳቀም። “ዱዓ ተደርጎበታል፣ ሰልማ። አሁን ማፍረስ ነውር ነው።”

“አሚን ያለው ማነው?”

“ሁላችንም።”

“እኔስ? ባለቤቷ አሚን ያላለችበት ዱዓ እናንተን ይሰር እንጂ መኪናዬን አያስርም። እሑድ በአራት ካንዴላ አትወጣም። ሰማህ? አባዬ ለእኔ የሰጡኝ መኪና እንጂ ግማሽ መኪና አይደለም።”

ድምጿ አልጨመረም። ጎዳናው ላይ ስትወጣ ግን ግንቡን ይዛ ቆመች። ናፊያ ገና ልጅ ሳለች፣ ለሠርጓ በዚያች መኪና እንደምታደርሳት ቃል ገብታላት ነበር። አሁን ከሁለት አንዱ ሊሰበር ነው፣ ወይ ቃሏ ወይ መኪናዋ። እዚህ ያደረሳት ደግሞ እሷ ሳትሆን የገዛ ወንድሟ ነው፤ ያ ነው ያቃጠላት።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቢላል ጋራዡ መጣ። የአባታቸውን የተሰነጠቀ ክዳን በማጣበቂያ ለጥፎ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል።

“የአባባን እንመልስ። እንደ ጥንቱ ትሁን፣ በቃ።”

ሰልማ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው። “ሲሞቅ ይከፈታል። ልጅህን ከነቬሏ ዳገት ላይ ያቆማታል።” ክዳኑን መለሰችለት። “ደግሞ አባዬ አሮጌ ነገር አልወደዱም። የወደዱት ሁለቱን እሳት ነው።”

“የታክሲውን እዚያው እንዳለ ትቼ ሽቦውን ለስምንት ላካፍለው?” አሉ ጋሽ ሀብተወልድ።

“አንድ ፍንጣሪ ለሁለት ካካፈሉት ሁለቱም ይራባሉ። ያ ዕቃ ደግሞ ለአንድ እሳት የተሠራ ነው፣ ቀድሞ ይለኩሳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩን ያንኳኳዋል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።”

“አስተምሬሻለሁ መሰለኝ” አሉ ሽማግሌው፣ ትንሽ አፍረው። “እንግዲያ ዲስትሪቢውተር የሚባለውን ጭራሽ እናውጣው። ሞተሩ የሚያዞረው ፑሊ ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት፣ ለሁለቱም ወገን ካንዴላ የየራሱ እሳት ሰጪ ኮይል፣ የሚለኮስበትን ጊዜ እኛ የምንሞላለት ትንሽ ሳጥን። ድሬዳዋ የሚያስመጣ ሰው አለኝ። ለእሑድ ግን አይደርስም።”

“እሱ ይሁን።”

“እሑድስ?” አለ ቢላል።

“እሑድ ባጃጅ አለ።”

ቢላል ክዳኑን በመሐረቡ መልሶ ጠቅልሎ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ናፊያ ራሷ መጣች፤ እጇ ላይ ሂናው ገና አልደረቀም።

“አክስቴ፣ በባጃጅ ስወጣ ትስቂብኛለሽ?”

“ባንቺ አልስቅም። ባባትሽ ነው የምስቀው።”

“አብረሽኝ ትወጫለሽ?”

ሰልማ የልጅቱን እጅ ሂናውን እንዳትነካ አንጓው ላይ ያዘች። “ጭንሽ ላይም ቢሆን እቀመጣለሁ።”

እሑድ ባጃጆቹ ተሰልፈው ሐኪም ጋራን ወጡ። ከሙሽራዋ ጎን ሰልማ ተጣብቃ ተቀምጣለች፤ ፊቷ እንደ ሐሙሱ ነው። ከኋላ ባጃጅ ሴቶቹ በከበሮ አወረዱት፦

ባጃጅም ደህና ነው ሙሽራ ካመረች፣
የሰልማ መኪና ተቆጥታ ቀረች።

ናፊያ ቬሏ ውስጥ ሆና ሳቀች። ሰልማ ወደ ውጭ ዞረች፤ ዓይኗን የሞላው እንባ ከሐዘንም ከንዴትም ነበር፣ የትኛው እንደሚበዛ እሷም አታውቅም።

ሳጥኑ የመጣው ሙሽሮቹ ሠርጋቸውን ረስተው ኑሮ ከጀመሩ በኋላ ነው። ጋሽ ሀብተወልድ የመለኮሻውን ጊዜ አጥብበው፣ አላልተው፣ ደግመው ሞሉት። ስምንቱም ካንዴላ በየቦታው ገባ። ሰልማ ቁልፉን ስታዞር ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ አቃሰተና ያ የጥንት እንጉርጉሮ ከኮፈኑ ሥር ተነሳ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ፈረስ መጋላ ስትደርስ ቢላል ቆሟል፤ ለናፊያ የሚወስደው የሽንኩርት ከረጢት እግሩ ሥር ነው። ድምጹን ሰምቶ ሰው ሁሉ ሲዞር እሱ የፊቱን በር ያዘ።

“ወደ ሐኪም ጋራ ነሽ አይደል?”

ሰልማ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። “ጠይቀህ ነው የምትገባ።”

ቢላል ከረጢቱን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ የሚያዳምጡትን የታክሲ ሾፌሮች አየ።

“ልግባ፣ እቴ?”

ሞተሩን ትንሽ አዘፈነችው። “ከኋላ።”

ሙሽሮች በሚቀመጡበት ሽንኩርቱን አቅፎ ተቀመጠ። ዳገቱ ሲጀምር አንድ ነገር ሊላት ጉሮሮውን ጠረገ።

“ዝም ብለህ ስማት” አለችው፣ ማርሽ እየቀየረች።