ሊሾው ላይ የተነጠፈው ቄጤማ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ቡሬ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ሁለቱም ፍኖተ ሰላም፣ እኔ የተከራየሁት ቤት ሊገቡ ተስማማን። ኮርኒሱን አደስኩ፣ ግድግዳውን ቀለም ቀባሁ፣ አዲስ ፍራሽ ገዛሁ። ሁሉንም በየተራው ሠርቼ ስጨርስ ወለሉ ረጠበ።

ወለሉ ሊሾ ነው፤ ሲሚንቶ ተለስኖ የለሰለሰ። መጀመሪያ አልጋው እግር አጠገብ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ታየኝ። ውሃ የደፋሁ መስሎኝ ወለወልኩት። በማግሥቱ እስከ በሩ ሰፍቶ ጠበቀኝ። አልጋ ሥር ያስቀመጥኳቸው የፈተና ወረቀቶች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ቂጣ ባንድ ላይ ተነሡ። የጫማዬ ውስጡ ነጭ ሻጋታ አበቀለ።

ግራ ያጋባኝ ጊዜው ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወለሉ ደረቅ ነበር። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ የግቢው ጭቃ እንኳ ሲጠነክር፣ ያኔ ረጠበ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ዝናብ ሲያቆም መሬት ይደርቃል ብዬ ነው የማስተምረው።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እዚያው ግቢ የሚኖሩ እናት ናቸው። ጠርቼ አሳየኋቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩና፣

«ሲሚንቶ እኮ ያልበዋል፣ መምህር» አሉኝ።

«እማማ፣ አዲስ ሲሚንቶ አይደለም እኮ።»

«አሮጌስ አያልበውም? እኔን አያልበኝም?»

በግምት መከራከር አልወድምና ሙከራ ሠራሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቁራጭ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፎ ዙሪያውን በፕላስተር መለጠፍ፣ ከዚያ አሳድሮ ማየት። ከላስቲኩ በታች ከረጠበ ውሃው ከመሬት የመጣ ነው፤ ከላይ ከረጠበ ደግሞ ከአየሩ ነው። ይህንኑ ለተማሪዎቼም በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳሁ። ጠዋት ሳየው ከላይም ከታችም ረጥቧል። ክፍል ስገባ አንዷ ተማሪ፣ «መምህር፣ የቱ ሆነ?» አለችኝ። ነገ እንመለስበታለን አልኩና ወደ ሌላ ርዕስ አለፍኩ።

ቢሆንም ከመሬት ነው ብዬ ወሰንኩ። ቤቱ ከግቢው ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ስለሆነ፣ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ለማስቀየስ ከጀርባው ግድግዳ ሥር ቦይ ቆፈርኩ። ቦዩ ውስጥ ወዲያው ውሃ አቀረረ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ወለሉ ግን እንደረጠበ ቀረ። አከራዬ ቦዩን እያዩ፣ «ማንን ልትቀብርልኝ ነው?» አሉ።

እንዲህ ግራ ተጋብቼ ሳለሁ ባለቤቴ ደወለች። «እናቴ ቤቱን በዓይኔ ሳላይ አራስ ልጄን አልሰድም ብላለች። መንገዱ ክፍት ከሆነ ማክሰኞ ትመጣለች» አለች። ስለ ወለሉ አልነገርኳትም። መንስኤውን ሳላውቅ ምን ብዬ ልንገራት?

የአማቴን መምጣት የነገርኩት ለአከራዬ ነው። ዓርብ ሚካኤል ነበርና ለቤታቸው ቄጤማ አስመጥተዋል። የተረፈውን በእቅፋቸው ይዘው መጥተው እኔ ቤት ከጥግ እስከ ጥግ አነጠፉት። ጥቁሩ ሁሉ ጠፋ፤ ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። «ወለሉን ማን አጎንብሶ ያየዋል?» አሉኝ።

ማክሰኞ አማቴ ማንኩሳን አልፈው በጠዋቱ ሚኒባስ ደረሱ። አከራዬም ሊቀበሏቸው ወጡ፤ ሁለቱ እናቶች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አማቴ ቤት ገብተው ኮርኒሱን አዩ፣ ፍራሹን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉ። ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ጎንበስ ብለው አንድ ዘለላ ቄጤማ አነሡ።

«ዛሬ ምን በዓል ነው፣ ልጄ?»

«የሚካኤል ዕለት የተነጠፈ ነው።»

«የዓርቡ?»

«አዎን፣ የዓርቡ።»

ዘለላውን አጠፉት፤ አልተሰበረም። ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ተጠመጠመ። «እኔ ቤት ቄጤማ በማግሥቱ ገለባ ነው» አሉ። «ይሄማ ሥር ሊሰድ ነው።»

እኔ ስለ ላስቲኩ ሙከራ ማስረዳት ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና ወደ አከራዬ ዞሩ።

«እትዬ፣ እህልዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ከላይ ቤት ነው» አሉ አከራዬ። ከላይ ቤት የሚሉት በግቢው አናት ያለውን ወለሉ ጭቃ የሆነ ክፍል ነው።

«እዚህ ቢያደርጉት ምን ነበር? ሰፊ ነው።»

«እዚህማ ይሻግትብኛል።»

ተናግረው ሳይጨርሱ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

«ልጅስ?» አሉ አማቴ።

እኔ ቄጤማውን አያለሁ።

ተያይዘን ወደ ላይኛው ቤት ወጣን። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው በበረት አዛባ የተለቀለቀውን ወለል በባዶ እግራቸው ረገጡና ቆዩ። ደረቅ ነበር። ጭቃ ስለሚተነፍስ ነው፣ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል ብዬ አስረዳኋቸው። ወዲያው ደግሞ ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው አይደርስበትም አልኩ። ውሃው ካልደረሰ ጭቃው የሚያስተነፍሰው ምኑን ነው? ሁለቱንም ሳልጨርስ ተውኩት።

«ይተንፍስ ብቻ» አሉ አማቴ።

አከራዬ ጥግ ወደተደረደሩት የእህል ጆንያዎች ሄዱ። ከዚያ አንዱን በጆሮው ያዙ። «በቃ ከጤፌ ጋር ልተኛ» አሉ።

«ከባል ይሻላል፤ አያንኮራፋም» አሉ አማቴ በሌላኛው ጆሮ ይዘው። እየሳቁ ጆንያውን ወደ አከራዬ መኝታ ቤት ወሰዱት። የቀሩትን እኔ ተሸከምኩ።

ባለቤቴና ልጄ በሳምንቱ መጡ። ልጅቷ ያን ቀን ጉዞው አድክሟት ነው መሰለኝ ጭቃው ቤት እስኪነጋ ተኛች።

ጥር ላይ የታችኛውን ቤት ከፍቼ አየሁት። ማንም ሳይነካው ወለሉ ደርቋል፤ ላዩ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ቀርቷል። ከጀርባ ያለው ቦዬ ግን ገና ውሃ ይዟል። መሬቱ ውሃ ይዞ ወለሉ እንዴት ደረቀ? ቆሜ እያሰብኩ አከራዬ ከኋላዬ መጡ።

«ደረቀልህ እኮ፣ መምህር። ትመለሳለህ?»

መጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ አለብኝ ልላቸው አፌን ስከፍት፣ ባለቤቴ ልጅቷን እንደታቀፈች ከላይኛው ቤት በር ላይ ቆማ፣

«አንመለስም፣ እማማ» አለች።