እርማት ያልወጣለት ዜና

አያቴ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩ፤ በጦርነት ጊዜ ለጓዶቻቸው በእጅ የተጻፈ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። ባሕር በሌላት ሰቆጣም ልማዱን አልተዉትም፤ እሑድ እሑድ አንድ ገጽ ጽፈው የግቢያችን በር ላይ በምስማር ይሰቅሉ፣ የባጃጅ ሾፌሮችም ቆመው ያነቡት ነበር። አንድ እሑድ፣ የእኔ የሐኪሟ ፊት ለሳቅ እንደማይፈታ እያወቁ፣ «የልጅ ልጃችን ዶክተሯ ሳቀች» ብለው አወጡ።

«አባባ፣ ሐሰት ነው፤ እርማት ያውጡ» አልኋቸው።

«መርከቡ ላይም ‹በደኅና ገባን› ብለን የጻፍነው ወደብ ሳንገባ ነው፤ ኋላ ገባን። አንቺም ትደርሺበታለሽ» አሉኝ።

ካረፉ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ በሩ ላይ የነበረው ምስማሩ ብቻ ነው። ስለ ሳቄ የጻፉበትን ያን ገጽ ከወረቀት ሣጥናቸው አውጥቼ ሰቀልሁት፤ አንድ ሾፌር ጮክ ብሎ ሲያነበው ሳቄ አመለጠኝ። እርማት አያስፈልግም፤ ዜናው ትክክል ነው።