የጋሽ ይርሳው ጄት

ይህ የሆነው ካቻምና፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን ዛሬም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ደብረ ታቦር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ጋሽ ይርሳው የሚባሉ ጡረተኛ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጦር ጄት ሲጠግኑ ነው። በእጃቸው ሲጠግኑት ከኖሩት አንዱ ከአገልግሎት ወጥቶ በጨረታ ሲሸጥ፣ ሞተሩና መሣሪያው የተነቀለውን ባዶ አካል ገዙት። ክንፉን ለብቻ አስጭነው ወደ አባታቸው ርስት አመጡት።

መጀመሪያ ጎረቤቱ ደንግጦ ነበር አሉ። “ይኸ ነገር መዓት ይጠራብናል” ያሉም ነበሩ። እሳቸው ግን ክንፉን መልሰው ገጠሙት፣ ዙሪያውን አጠሩት፣ ተማሪ በመጣ ቁጥር በነፃ ማስጎብኘት ጀመሩ።

እኔ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀን የምለፋበትን ነገር እሳቸው በአሥር ደቂቃ ያስረዱታል። አንዱን ልጅ ከአብራሪው ወንበር አስቀምጠው መሪውን ሲያስነቀንቁት፣ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞራ ዓይናቸውን ስለጋረደው የሚያስተምሩት በዳበሳ ነበር። እያንዳንዷን ብሎን በጣታቸው ያውቋታል።

ያን ሰሞን ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር፣ ልጃቸው ቤት ሄዱ። ግቢውን አደራ የሰጡት ለእህታቸው ልጅ ለጌጡ ነው። ሲሄዱ፣ “ሐሙስ ልጆቹን አምጫቸው፤ ጌጡ ይከፍትላችኋል” አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት አርባ ተማሪዎች ይዤ ሄድኩ። ገና ከሩቅ የብረት መቁረጫ ማሽን ጩኸት ሰማን። ስንደርስ አንዱ ክንፍ ተቆርጦ አይሱዙ ላይ ተጭኗል። ሁለት ሰዎች ሆዱን እየሰነጠቁ ነው፤ ሌላው ጭራውን በመጥረቢያ ይቀጠቅጣል። ጌጡ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል።

“ምንድን ነው የምታደርጉት?” ብዬ ጮህኩ።

“ቲቸር፣ ቁርጥራጭ ብረት እኮ ነው። ተነሥቶ ላይበር! ቦታው ድንች ይዘራበታል።”

“ጋሽ ይርሳው ያውቃሉ?”

“ሲመለሱ ይነገራቸዋል።”

ተማሪዎቹን እዚያው ትቼ በባጃጅ ወደ ከተማ በረርኩ። ስማቸውን የማልጠራቸው አንድ የባህልና ቱሪዝም ኃላፊ ዘንድ ገባሁ።

“በቅርስነት ተመዝግቧል?” አሉኝ።

“አልተመዘገበም።”

“እንግዲያው የግል ንብረት ነው። የቤተሰብ ጉዳይ በሽማግሌ ያልቃል።”

“ባለንብረቱ እኮ ሕክምና ላይ ናቸው! ሌላ ሰው ነው የሚሸጥባቸው!”

“እሳቸው ራሳቸው ቀርበው ያመልክቱ።”

እኚሁ ሰው በየስብሰባው “ጋፋት የእጅ ጥበብ አገር ናት” እያሉ ሲያስጨበጭቡ ሰምቻቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም።

ስመለስ አይሱዙው ሊንቀሳቀስ ነው። ተማሪዎቹ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ይርሳው ናቸው።

“እህ ልጄ፣ ልጆቹ ወደዱት?”

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በዋዜማው ነበር። ልጃቸው፣ “እንዳያጎነብሱ፣ እንዳይናደዱ ተብሏል” ብላኛለች። “በጣም ወደዱት ጋሼ” አልኩ። አርባው ተማሪ ስዋሽ ሰማኝ።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። መናኸሪያ ተቀብዬ ቀስ ብዬ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን በማለዳው መኪና መጥተው ኖሯል። ግቢያቸው ስደርስ ዘይት በጠጣው ባዶ መሬት ላይ ቆመዋል። ከዘራቸውን አልተደገፉም፤ ዓይናቸው ጥርት ብሎ ያያል።

“ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ እሱን ልየው ብዬ ነበር” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “አንቺ ታውቂ ነበር?”

“አዎ ጋሼ።”

“ብትነግሪኝ ዓይኔን ትቼ እመጣ ነበር።”

“ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት።”

ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ።

ኋላ ጌጡ ሽማግሌ ላከ። ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ሲወድቅ እኔም ነበርኩ። “የእህቴ ልጅ ነው፤ ምን አደርገዋለሁ? እግዜር ይፍታህ” ብለው አነሡት። ሽማግሌዎቹ ወደኔ ዞረው፣ “አንቺም ይቅር በይው እንጂ” ሲሉኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

የተበደሉት እሳቸው ናቸውና ይቅር ማለት መብታቸው ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጌጡን መንገድ ላይ ሳገኘው አልፈዋለሁ፤ ኃላፊውንም እንዲሁ። የንስሐ አባቴ፣ “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” እያሉ ይገሥጹኛል። እውነታቸውን ነው። ግን አልበረደልኝም።