የከዚራው ባዶ ቤት

ባዶ ቤት ማለት በር፣ መስኮትና ጣሪያ እያለው ሰው የማይኖርበት ቤት ነው። በደርግ ዘመን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ፎቶ ማንሳት እለማመድ ስለነበር ካሜራዬን ይዤ ገባሁ። የበሩ ቅስት ፎቶውን እንዲከብበው አድርጌ ቆምኩና የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ እስኪያርፍ ጠበቅኩ።

ከባሏ፣ ከልጆቿና ከአማቷ ጋር በአንዲት ክፍል ተጨናንቃ የምትኖረው ጎረቤት ፋጡማ ብቅ አለች።

«አቦ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ብርሃን።»

«ቀበሌ ነው የላከህ? ቤቱን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው?»

«ኧረ እኔ የምፈልገው ባዶነቱ በደንብ እንዲታይ ብቻ ነው።»

«ወላሂ አይታይም!» ብላ ሮጠች።

ብርሃኑ ሲደርስ ፍራሹ፣ ድስቱና አማቲቱም አብረው ደረሱ። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠሉ።

«እናቴ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አልኳቸው አማቲቱን።

«በገዛ ቤቴ? አንተው ፈቀቅ በል!»

ብርሃኑ እንዳያልፍብኝ ቤቱን ከነሰዎቹ ፎቶ አነሳሁት። ፋጡማ አንድ ቅጂ ለመነችኝና ሰጠኋት።

ቀበሌው ቤቱን አጸደቀላት። ከድሮ ጀምሮ እንደምትኖርበት ማስረጃ ሆኖ የቀረበው የእኔ ፎቶ ነበር።