በበረኪና የታጠበች ጠርሙስ

የዚያን ዕለት የሠራሁት ሞኝነት ከንጽሕና ፍቅር የመጣ ነው። የባኮ ልጅ የሆነች የውሃ ተመራማሪ፣ ከጎረቤቴ ጉድጓድ ቀድቼ እንዳቆይላት አንዲት የታሸገች ጠርሙስ ሰጥታኝ ሄደች። ለሳይንስ የሚሄድ ዕቃ እንዲሁ አይሰጥም አልኩና ከፍቼ በበረኪና አጠብኳት። ሽታው ደስ ስላለኝም ሳላለቀልቅ ሞላኋት። የልደት ወረቀቱ ላይ የአምቦ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» የተጻፈለት፣ ውሃዋ በጠርሙስ ታሽጎ አገር በሚያዳርስ ከተማ ያረጀ ሰው አንዲት ጠርሙስ መሙላት አቃተው።

ጉድጓዱን የቆፈረው የጎረቤቴ ሟች ባል ነው። አምቦ ላይ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ከእሷ ይቀዳል። በዚያ ክረምት ግን የልጅ ልጇን ተቅማጥ አልለቅ ብሏት ነበርና፣ ጥፋቱ የጉድጓዱ ከሆነ እደፍነዋለሁ ብላ ቆርጣለች። ተመራማሪዋ ደግሞ የመሬቱን ተዳፋት፣ አፈሩንና ዝናቡን ኮምፒውተር ውስጥ ከታ፣ ውሃው ከመሬት በታች ከየት ወደየት እንደሚሄድ ታያለች። ሞዴል ይሉታል።

ውጤቱ ሲመጣ አንድም ጀርም የለበትም። ጎረቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ተመራማሪዋ ግን ሞዴሉ የሚለኝ ሌላ ነው ብላ ባዶዋን ጠርሙስ አሸተተች።

«አባባ፣ ይህን በምን አጠቡት?»

«በበረኪና ነዋ። ላሳፍርሽ ነው እንዴ?»

ለካ ጀርሙን ገድዬ ነው የላክሁት። በማግስቱ ራሷ ቀዳች፤ ውሃው እንደተፈራው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ገልጣ አንዲት ሰማያዊ ቀስት አሳየችን። ጫፏ ጉድጓዱ ላይ ነው። ወደ ላይ ተከትዬ መነሻዋን ባየው የማውቀው ቦታ ነው፤ የገዛ ሽንት ቤቴ።

ጎረቤቴ ቀስቷን አየች፣ እኔን አየች። ሽማግሌነቴን በኦሮምኛ ጠርታ የቀረውን በአማርኛ ጨረሰችው፦

«ያ ጃርሳ፣ እኔ ከታች ውሃ ሳጠጣህ አንተ ከላይ ይህን ነው የምትልክልኝ?»

የሚደፈነው ያንቺ ሳይሆን የእኔ ነው አልኳት። ዶማ ስለሌለኝ የእሷኑ ተውሼ፣ ተመራማሪዋ ውሃው ወደ ማዶ ይሄዳል ባለችኝ የግቢዬ ጥግ አዲስ ሽንት ቤት መቆፈር ጀመርኩ። አብዛኛውን የቆፈሩት ጎረቤቶች ናቸው። እኔ ትንሽ ቆፈርኩ፤ የዶማው እጀታ የተሰበረውም እዚያችው ትንሽ ላይ ነው።

አሮጌው ተደፈነ። የጎረቤቴ ጉድጓድ ተጠርጎ በበረኪና ታከመ፤ በረኪናው በመጨረሻ ቦታውን አገኘ። የልጅ ልጇም ድና፣ ዛሬ ገመዱን ከእኔ በተሻለ ትስባለች። ተመራማሪዋ እየተመላለሰች ብትመረምረው ውሃው ንጹሕ ነው። እሷ ካልተመቻት ጠርሙሶቹን የምሞላው እኔ ነኝ። የምታጠበው እጄን ብቻ ነው፤ በዚህ ሙያ በሰፈሩ የሚበልጠኝ የለም።

የዶማው ነገር ግን አላለቀም። የባሕር ዛፍ እጀታ ባመጣላት መለሰችው፤ ባሏ የሰካው ወይራ ነበር። ከደንዲ የሚመጣ ሰው ወይራ ያመጣልኛል እያልኩ ይኸው አለሁ። ጀሪካኔን ይዤ ስሄድ እስከ አፉ ትሞላልኝና፣ እጀታ የሌለውን ዶማ በእግሯ ገፋ አድርጋ ፊቴ ታቆመዋለች።