ሲብስብኝ የማበዛው «አልሐምዱሊላህ»

ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ የጀመረኝ የወገብ ሕመም ስምንተኛ ስትደርስም አልለቀቀኝም። ወጌሻ አሸኝ፣ ዱዓ ተደረገልኝ፣ ራጅ ተነሳሁ። ራጁ ምንም አያሳይም። ባለቤቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ከሚሠራበት ፋብሪካ፣ ከአንድ ለአምስት ስብሰባ ደክሞ ሲመለስ ተኝቼ ካገኘኝ ፊቱ ይጠቁራል።

«ለጎረቤት ደህና፣ ለኔ በሽተኛ» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

በመጨረሻ «ደሴ ሆስፒታልም ምንም ካላገኙብሽ ደጋን እናትሽ ጋ ትቀመጫለሽ። ልጅቷ እዚሁ ትማራለች» አለኝ። ወደ እናቷ የተላከች ሚስት ስትመለስ አላየሁም።

ደሴ ያየኝ ሐኪም ደግሞ ባልሽንና ልጅሽን ይዘሽ ነይ አለኝ። እኛ ጋ ሐኪም ክፉውን ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይናገርም። ሞቴን ሊነግራቸው ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ልጄን ሳይ ሰነበትኩ።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችንንም አንዲት የምክር ባለሙያ ጋ አስገቡን። ስለ ሞት አላነሳችም።

«እናቴ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ባለቤቴ ሳቅ አለ። «ሰሙ አይደል? በራሷ አፍ።»

በገዛ ምላሴ ራሴን ደጋን የላክሁ መሰለኝ።

ሴትየዋ ወደ ልጄ ዞረች። «አንቺስ፣ ሲያማት በምን ታውቂያለሽ?»

ልጄ ጥፍሯን እየነከሰች መለሰች። «ሲብስባት አልሐምዱሊላህ ታበዛለች። ጠዋት ለመነሳት ብቻ ሦስት አራት ጊዜ ትላለች። ትምህርት ቤት ልቅር እላታለሁ፣ እምቢ ትላለች። አባዬ አይሰማም፣ ቀድሞ ወጥቷል።»

ባለቤቴ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አገላበጠ። «ወላሂ አላወቅሁም» አለ፤ ለማን እንዳለው እንጃ።

«ራጅ የማያሳየው ሕመም አለ» አለች ባለሙያዋ። «ደህና ነሽ ወይ አትበሏት። ዛሬ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ በሏት።» ለአሥራ አምስት ቀን ቀጠረችን።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ሐረጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሚኒባሱ አንገጫገጨን። ባለቤቴ ለሹፌሩ «ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ በሽተኛ ይዣለሁ» አለ። ሰው ፊት በሽተኛ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ደፈር አልኩና «ደጋንስ?» አልኩት።

በመስኮቱ ወደ ገደሉ እያየ መለሰልኝ። «ለአሥራ አምስት ቀን ተቀጥረሻል። ከደጋን ማን ያመላልስሻል?»

ልጄ እጄን ጨበጠችኝ። እኔ ግን ቤት ገብቼም ለደጋን ብዬ የሸከፍኩትን ልብስ አልፈታሁም። ቀጠሮው እስኪደርስ እንደታሰረ አልጋው ሥር ነበር።