ሰኞ ሰኞ ሳል የምትሰበስበው ሴት

ሥራዋን ሲጠይቋት «ሳል እሰበስባለሁ» ትላለች፤ ጠያቂው ሲስቅ ደስ ይላታል። ውሸቷን ግን አይደለም። በጤና መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ እንቢ ብሎ በማይዘጋ ክፍል ተቀምጣ፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ለአርባ አንድ ጤና ጣቢያዎች ትደውላለች። በሳምንቱ ውስጥ ትኩሳትና ሳል ይዞት የመጣው ሰው ስንት ነው? ቁጥሩን ትጽፍና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአገሩን ካርታ ትቀባለች፤ ጉንፋኑ ያልደረሰበትን ነጭ ትተወዋለች፣ የጀመረውን ቢጫ፣ የባሰበትን ቀይ። ቀይ ለሆነ መድኃኒትና ተጨማሪ ነርስ ይላክለታል። ነጩ ምንም አያገኝም። ባልደረቦቿ «የጉንፋን እናት» ብለው ስም አውጥተውላታል፤ እሷም ከወለድኩት አይቀር ላሳድገው ብላ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ።

ደንበኞቿን አንዳቸውንም በዐይኗ አይታ አታውቅም። በድምፅ ግን ማን ችኩል፣ ማን ነዝናዛ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ አብጠርጥራ ታውቃለች። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው፣ ተራራው ሥር ያለውን ጤና ጣቢያ ብቻዋን የያዘችውን ነርስ ነው። ወይ ወሬዋ! አንድ ቁጥር ለመንገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል።

ያን ሰኞ ግን ነርሷ ያለችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ዜሮ»።

«ዜሮ? ዙሪያሽ ሁሉ ቀይ ሆኖ?»

«አንድም ሰው አልመጣም፣ እትዬ። መዝገቡ ባዶ ነው።»

ወዲያው ስልኩን ከአፏ ስታርቅ ተሰማ፤ ከዚያም በሩቁ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል። ሳል ይዞ ስርቆት አሉ!

«ማነው የሚስለው?» አለች የጉንፋን እናት።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ቀንሽ?»

«አምስት። ከረቡዕ ወዲህ ጣቢያውን አልከፈትኩም፣ እግሬ አልቆም ብሎኛል። በሩ ዝግ ከሆነ ማን ይምጣ?»

«ታዲያ ራስሽን አትቆጥሪም?»

«ቅጹ የሚለው የመጡ ሕመምተኞች ነው። እኔ ሠራተኛ ነኝ። ራሴን ብመዘግብ ሰው አይስቅብኝም?»

የጉንፋን እናት ቀና ብላ ካርታውን አየች። የሰፈሩ ሰው በየቤቱ ተኝቷል፣ የምታክማቸውም ብቻዋን ተኝታለች፣ ካርታው ደግሞ ነጭ ሊሆን ነው። ሪፖርቱ የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሮጣ ለአለቃዋ ነገረችው። አለቃዋ በልጇ ዕድሜ ያለ ሐኪም ነው፣ ደግ ነው፣ ግን ግትር ነው።

«እትዬ፣ በስልክ የሰሙትን ሳል ሪፖርት አላደርግም። ቢያንስ አምስት ሰው ትኩሳቱ ተለክቶ ይምጣልኝ።»

«ይመጣልሃል» አለችውና ተመልሳ ደወለች።

«ቴርሞሜትሩን ብብትሽ ውስጥ ክተቺ፤ እጠብቃለሁ።»

«እትዬ፣ እኔማ ደህና ነኝ።»

«ክተቺ አልኩሽ!»

ሠላሳ ዘጠኝ ከሁለት። አንድ። ቀጥሎ ከጣቢያው ጀርባ የሚኖረው ዘበኛ ተለካ፤ ሁለት። ዘበኛው የተኛበት ቤት ውስጥ በእግሯ የቆመች ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷ የነርሷን ስልክ ይዛ፣ ቴርሞሜትሩን በአልኮል እየጠረገችና ቁጥሩን እየነገረች ቤት ለቤት ዞረች። የልብስ ሰፊው ቤት ሦስት ሰው፣ የአስተማሪዋ ቤት አራት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል አሥራ ሰባት ደረሰ። አለቃው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ቀዩን እስክሪብቶ ራሱ አቀበላት። ማታውኑ መኪና ተነሣ።

ሳምንቱ አልገፋ አላት። ወደ ነርሷ ብትደውል የሚያነሣ የለም። ልጆቿ ምግብ ሲያቀርቡላት ትቆነጥርና ትተወዋለች፤ ባሏ «አርባ አንድ ሰው አግብተሽ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው?» ብሎ ቢቀልድ አልሳቀችለትም። ለዚያች ፊቷን ለማታውቃት ልጅ ፈርታ ነበር፣ በጣም ፈርታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ አስቀድማ እዚያ ደወለች። የማታውቀው የወንድ ድምፅ አነሣው፤ የተላከው ነርስ ነበር።

«የዚህ ሳምንት ቁጥር ሰባ ሦስት» አላት።

«ሰባ ሦስቱ ይቆይልኝ። ነርሷስ?»

«ሳንባዋን ነክቷት ነው የደረስኩት። ሁለት ቀን ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምልዎት አላውቅም። አሁን ትኩሳቱ ወርዶላታል። ኧረ እንዲያውም ስልኩን ስጠኝ እያለች እየጎተተችኝ ነው።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ።

«እትዬ» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው። «ይሄ ሰውዬ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ? መዝገቡ ላይ አንደኛ አድርጎ የጻፈው እኔን ነው። ከእኔ በላይ ማንም የለም!»

የጉንፋን እናት ልትስቅ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። በመዳፏ ጠረገችውና ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«በይ ከመጀመሪያው አውሪኝ» አለቻት። ሌሎቹ አርባ ጤና ጣቢያዎች እስከ ረፋዱ ድረስ ስልክ አልተደወለላቸውም።